የፎልደሩ ስም፦ አዊኛ በጋራ ማከማቻዎች ውስጥ ያለፈበት መንገድ

ብዙ ሰው በጋራ የሚጽፍበት ድረ ገጽ ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ፋይሎቹን በምን እንለያቸው? በጸሐፊው ስም? በገቡበት ተራ? በዓይነታቸው? በቋንቋቸው? ጉዳዩ የመዝገብ ቤት ጣጣ ስለሚመስል አብዛኛውን ጊዜ መልሱን የሚሰጠው በመጀመሪያው ቀን ኮምፒዩተሩ አጠገብ የተገኘው ሰው ነው። መልሱ ግን ሰውየው ሥራውን ከለቀቀ በኋላም ይኖራል። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ፋይል ይገኝ አይገኝ፣ ስህተቱን ማን እንደሚያርመው፣ ማን አዲስ ሊጨምርበት እንደሚችል በአብዛኛው የሚወስነው ያን ቀን የተመረጠው የፎልደር ስም ነው።

ለትልልቅ ቋንቋዎች ነገሩ ያን ያህል አያሳስብም። እንግሊዝኛ የትም ቢቀመጥ ይገኛል፤ አማርኛም ፈላጊ አያጣም። አከፋፈሉ የሚፈተነው እንደ አዊኛ ባለ ቋንቋ ነው። አዊኛ በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላና ከዚያም ወዲያ ይነገራል፤ በዞኑ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይማሩበታል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ980 ሺህ በላይ ነበር፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ቤታቸው አዊኛ፣ ገበያቸው አማርኛ ነው። የዚህ ቋንቋ ጽሑፎች ባለፉት ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት የት የት እንደተቀመጡ ብንከታተል፣ የፋይል አደራደር ልማድ እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ አብረን እናያለን።

ከሚታወቁት ቀደምት የአዊኛ ጽሑፎች አንዱ ያለው እንግሊዝ አገር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ ያለፈው በአገው ምድር በኩል ነበር። ጎንደር በነበረበት ዘመን መኃልየ መኃልይን ወደ አማርኛ፣ ወደ ጋፋትኛ፣ እርሱ «የዳሞት አገው» ወዳለው ቋንቋና ወደ ሌሎችም አስተርጉሞ በፊደላችን አስጽፎ ነበር። ለዘመኑ ይህ የሚገርም አሠራር ነው፤ አንድን መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ዛሬ የማሽን ትርጉም ባለሙያዎች በብዙ ገንዘብ የሚያዘጋጁት ዓይነት ሀብት ነው። የጋፋትኛው ክፍል ቋንቋው ሊጠፋ በተቃረበበት ጊዜ ለቮልፍ ሌስላው ጥናት መነሻ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1945 ታትሟል።

የብሩስ ብራናዎች እ.ኤ.አ. በ1843 ወደ ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኦገስት ዲልማን የቤተ መጻሕፍቱን የኢትዮጵያ ብራናዎች ዝርዝር አሳተመ። አቀማመጣቸው ግን እስከ ዛሬ በሰብሳቢው ስም ነው፤ «ብሩስ» ከሚለው ስም ቀጥሎ ቁጥር ይመጣል። የዳንግላ ሰው የአያቶቹን ቋንቋ ጽሑፍ ለማግኘት መጀመሪያ ያንን ስኮትላንዳዊ ማወቅ አለበት ማለት ነው። የቤተ መጻሕፍቱን ሰዎች በዚህ ልወቅሳቸው አልችልም፤ ስብስብን ሳይበትኑ በባለቤቱ ስም መያዝ የቤተ መዛግብት የቆየ ደንብ ነው፤ በቂ ምክንያትም አለው። ችግሩ ከስሙ በስተኋላ ስለ ቋንቋው የሚናገር ሌላ መለያ አለመኖሩ ነበር።

ዳንግላ ራሷም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷታል። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው በዳንግላ ነበር፤ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ ዞሮ ካርታ ያነሳው፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመውን መጽሐፍም የጻፈው ከዚያ ኑሮው ተነሥቶ ነው። የቆንስላ ደብዳቤዎች ለንደን ሲደርሱ የሚገቡት በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መደብ ነበር። ላኪ ከተማዋ በወረቀቱ ራስጌ ላይ ትጻፋለች እንጂ መደርደሪያው የእርሷን ስም አይይዝም።

በባለቤት ስም ከመደርደር ቀጥሎ የመጣው በመድረሻ ተራ መደርደር ነው። የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራውን ሲጀምር ከየገዳሙና ከየደብሩ እየመጡ የሚነሡትን መጻሕፍት በተነሡበት ቅደም ተከተል ቁጥር ሰጣቸው። ስለዚህ አንድ ተአምረ ማርያም በአንድ ቁጥር፣ ሌላው ተአምረ ማርያም ከሺህ ቁጥር በኋላ ይገኛል፤ በመካከላቸው ድርሳን፣ ዜና፣ መልክዕ ሁሉ ተደባልቆ ተቀምጧል። ፕሮጀክቱ ወደ 9 ሺህ የሚደርሱ መጻሕፍትን ሲያነሣ ይህ አሠራር አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ማንም ሳይከራከር፣ ሳይመደብ፣ ሳይዘገይ ሥራው ይቀጥላል። ፈላጊው ግን ሙሉ በሙሉ በካታሎግ ላይ ተንጠለጠለ። ያንን ካታሎግ ዓመታት ፈጅተው ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ባይኖሩ ኖሮ ፊልሙ ሁሉ ተራ ቁጥር ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ቴሌግራም ላይ የመማሪያ መጽሐፍ ፈልጎ ወደ ላይ እየጎተተ የደከመ ተማሪ ይህን አሠራር ሳያውቀው ያውቀዋል፤ የቴሌግራም ቻናልም በመድረሻ ተራ የተደረደረ ማከማቻ ነው፤ የሚጎድለው ጌታቸው ኃይሌ ነው።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ነገሩ ይሻሻላል ተብሎ ነበር። ለተወሰነ ጊዜ ይልቁን ባሰበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አጋፋሪ፣ ዋሸራ፣ ብራና፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም የየራሳቸውን የፊደል ሠንጠረዥ ይዘው ወጡ። አንድ ሠንጠረዥ ያለው 256 ቦታ ብቻ ስለሆነ ፊደላችን አልበቃው አለ፤ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈሉት። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። በዚህ ዘመን የፋይል ትክክለኛ መለያው ርዕሱ ወይም ቋንቋው መሆኑ ቀርቶ የተጻፈበት ፎንት ስም ሆነ። የጋራ ማከማቻ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም የጋራ የሆነ ፊደል አልነበረም። የአማርኛውን ፊደል ማስገባት ራሱ ትግል በሆነበት ሠንጠረዥ ለአገው ቋንቋዎች ልዩ ፊደላት የሚተርፍ ቦታ ጠባብ ነበር። በየወረዳው በዚያ ዘመን በፍሎፒ የተቀመጠ ጽሑፍ ካለ፣ የሚያነበው ፕሮግራም ዛሬ በየትኛው ኮምፒዩተር ላይ እንዳለ መጠየቅ ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ከ340 በላይ በሆኑ ምልክቶች ሲያካትት ይህ መከራ አበቃ። በዚያ ሥራ ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ባልደረቦቹ ለዓመታት ደክመዋል። ልብ ይበሉ፤ ዩኒኮድ ፊደልን የሚደረድረው በቋንቋ አይደለም። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ግዕዝ፣ ብሊን፣ አዊኛ ሁሉም ከአንድ ገበታ ይቀዳሉ፤ ብሊንና ሌሎች የአገው ቋንቋዎች የሚፈልጓቸው እንደ ጘ ያሉ ፊደላት ከአማርኛው ገ ጥቂት ቦታ ዝቅ ብለው ተቀምጠዋል። ለትንሽ ቋንቋ ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። አዊኛ የራሱን ሠንጠረዥ ለማስጸደቅ ወረፋ መያዝ አላስፈለገውም፤ የአማርኛ ፊደል ሲገባ አብዛኛው ፊደሉ አብሮ ገባ።

ከፊደሉ በኋላ የቀረው መለያ ስም ነበር። ለዓለም ቋንቋዎች ሁሉ ሦስት የላቲን ፊደል ያለው ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸድቆ ሲወጣ አዊኛ ኤ፣ ደብሊው፣ ኤን የሚል ኮድ ይዞ ተገኘ። አማርኛ ሁለት ኮድ አለው፤ ባለ ሁለት ፊደልና ባለ ሦስት ፊደል። አዊኛ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ከእንጅባራ ሆኖ ለማንኛውም ዓለም አቀፍ ማከማቻ የሚላክ ፋይል ከዚያ ወዲህ የሚጣበቅበት የታወቀ ምልክት አገኘ።

የኮዱ ጥቅም በግልጽ የሚታየው በዊኪሚዲያ ኢንኩቤተር ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተ ማከማቻ የራሳቸው ዊኪፒዲያ ገና ያልተፈቀደላቸው ቋንቋዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚለማመዱበት ነው። ፎልደር የለውም፤ ያለው የርዕስ ቅድመ ቅጥያ ነው። ማንኛውም ገጽ መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ዓይነት፣ ቀጥሎ የቋንቋውን ኮድ፣ ከዚያ ርዕሱን ይጽፋል። ስለ ዘንገና ሐይቅ በአዊኛ የሚጻፍ ገጽ በዚያ ቅጥያ ካልጀመረ ከሌሎች መቶዎች ቋንቋ ገጾች ጋር ተደባልቆ ይጠፋል፤ ወይም አስተዳዳሪ ይሰርዘዋል። ደንቡ ደረቅ ነው፤ ግን ማንንም አያስፈቅድም። እንጅባራ ያለ ተማሪ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ሊከፍት ይችላል። በአንጻሩ ያ ገጽ ሲበላሽ ኃላፊው ማን እንደሆነ ኮዱ አይናገርም፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

በአገር ውስጥ ያለው ልማድ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት ማስቀመጥ ሲጀምሩ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካቶቹ የመረጡት ዲስፔስ የተባለውን ሶፍትዌር ነው። ይህ ኤም አይ ቲና ሒውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ሲሆን አደራደሩ የተቋምን መዋቅር ይከተላል፤ ከላይ ኮሌጁ፣ ከሥሩ ትምህርት ክፍሉ፣ ከሥሩ የተማሪው ሥራ። አንድ የሥነ ልሳን ተማሪ ስለ አዊኛ ግስ ቢጽፍ ሥራው ከቋንቋዎች ጋር ይቀመጣል፤ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የአዊኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ቢሠራ ሥራው ወደ ምሕንድስና ይሄዳል፤ የትምህርት አስተዳደር ተማሪ በአዊኛ ስለሚሰጥ ትምህርት ቢያጠና ሦስተኛ ቤት ይገባል። ሦስቱም ስለ አንድ ቋንቋ ናቸው፤ ሦስቱም ጎረቤታቸውን አያውቁም። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት በማከማቻ እንዲቀመጥ አስገድዷል፤ ማስቀመጥን ያዘዘ ደንብ ግን ማገናኘትን አላዘዘም። በ2010 ዓ.ም. የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ እንደ አዲስ ተቋም አንድ ዕድል አለው፤ የትልልቆቹን መዋቅር እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ የቋንቋ መለያ መስኩን ከመጀመሪያው ጀምሮ አስገዳጅ ሊያደርገው ይችላል። ሶፍትዌሩ መስኩ አለው። ባዶ የሚተወው ሞዪው ነው።

ከሁሉም የላቀ የአደራደር ትምህርት የሚሰጠው ሃምቡርግ ያለው ፕሮጀክት ነው፤ ስሙም «ቤተ መጻሕፍት» ነው። በፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ባውዚ የሚመራው ይህ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎች ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2040 ድረስ እንዲቆይ ታስቦ የተጀመረ ነው። ሃያ አምስት ዓመት የሚዘልቅ ድረ ገጽ ያቀደ ሰው የዛሬውን ሶፍትዌር አያምንም፤ ስለዚህ ይዘቱን ከድረ ገጹ ለይተው ጊትሃብ በተባለው የጋራ ፋይል ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ በሕዝብ ፊት አስቀመጡት። ብራናው ለብቻው፣ ድርሰቱ ለብቻው፣ ሰው ለብቻው፣ ቦታ ለብቻው፣ ተቋም ለብቻው፤ እያንዳንዱ የራሱ ማከማቻ አለው። አንድ ነገር አንድ ፋይል ነው። ክብረ ነገሥት እንደ ድርሰት አንድ ፋይል አለው፤ ክብረ ነገሥትን የያዘ እያንዳንዱ ብራና ደግሞ የራሱ ፋይል አለው፤ ሁለቱ በመለያ ቁጥር ይጠቃቀሳሉ። ስለ ድርሰቱ የተጻፈ ስህተት አንድ ቦታ ሲታረም ድርሰቱን የያዙት ብራናዎች ሁሉ አብረው ይታረማሉ።

በድርሰቶቹ ማከማቻ ውስጥ ፎልደሮቹ የሚጠሩት በርዕስ ወይም በዘመን አይደለም፤ ከ1 እስከ 1,000፣ ከ1,001 እስከ 2,000 እያሉ ይቀጥላሉ። መጀመሪያ ያየ ሰው ስንፍና ይመስለዋል። እኔ ግን ብልህነት ነው እላለሁ። ስለ ድርሰት ያለን እውቀት ይለወጣል፤ ትናንት ድርሳን የተባለው ነገ ገድል ሊባል ይችላል። ቁጥሩ ስለ ድርሰቱ ምንም ስለማይል ምንም አይዋሽም፤ ፋይሉም ከቦታው አይነሣም። ጊትሃብም በአንድ ፎልደር ከ1,000 በላይ ፋይል ሲኖር ዝርዝሩን አሳጥሮ ስለሚያሳይ አከፋፈሉ ለዓይንም ይመቻል። ብራናዎቹ ግን እስከ ዛሬ በየስብስባቸው ነው የሚቀመጡት፤ የፓሪሱ ለብቻው፣ የለንደኑ ለብቻው። ለዕቃ የባለቤቱ ስም፣ ለሐሳብ ቁጥር። የዲልማን እ.ኤ.አ. የ1865 የግዕዝ መዝገበ ቃላትም በዚሁ ሥራ ዙሪያ ፋይል በፋይል ተከፋፍሎ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል፤ የብሩስን ብራናዎች ካታሎግ ያዘጋጀው ሰው ሥራ በዚህ መንገድ ወደ ጊትሃብ ገባ።

የጎግል ፎንቶች ማከማቻ ደግሞ ማንም ያልጠበቀውን መለያ መረጠ፤ የፈቃድ ዓይነትን። አቢሲኒካም ሆነ የኖቶ የኢትዮጵያ ፎንቶች የሚገኙት በኢትዮጵያ ስም በተሰየመ ፎልደር አይደለም፤ ክፍት የፎንት ፈቃድ ካላቸው የዓለም ፎንቶች ጋር በፊደል ተራ ተደርድረው ነው። የጠበቃ አደራደር ነው። እንለፈው።

የቋንቋ ኮድን ብቻ ይዞ የሚደረድረው ዘመናዊ ምሳሌ ማሳካኔ ነው። አፍሪካውያን የቋንቋ ቴክኖሎጂ ተመራማሪዎች የመሠረቱት ይህ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2021 በ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስም ምልክት የተደረገባቸው ጽሑፎችን አወጣ። አንድ የዳታ ፎልደር አለ፤ በውስጡ ለእያንዳንዱ ቋንቋ በኮዱ የተጠራ ፎልደር፤ በውስጡ ሦስት ፋይል፤ አንዱ ለማሠልጠኛ፣ አንዱ ለማስተካከያ፣ አንዱ ለፈተና። አማርኛ ከሐውሳና ከዮሩባ ጋር በእኩል ቅርጽ ተቀምጧል። እንዲህ ያለው አደራደር አንድ የሚያሳፍር ነገርም ያሳያል፤ የሌለ ቋንቋ አለመኖሩ ወዲያው ይታያል። አዊኛ ከ10ሩ ውስጥ የለም። ፎልደር መፍጠር የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው፤ በውስጡ የሚገባውን ሦስት ፋይል መሙላት ግን ምልክት ማድረግ የሠለጠኑ የቋንቋው ተናጋሪዎች የወራት ድካም ነው።

አሁን ወደ ኪቦርዱ እንምጣ፤ ምክንያቱም አዊኛ በእውነት የራሱን ፎልደር ያገኘበት የጋራ ማከማቻ ይህ ነው። ኪማን የተባለውን ሶፍትዌር ማርክ ዱርዲን እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ለላኦ ቋንቋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት ወሰደው፤ በ2017 ነጻና ክፍት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ኪቦርዶች ሁሉ ጊትሃብ ላይ በአንድ ማከማቻ ተሰበሰቡ። ከላይ ሦስት ትልልቅ ፎልደር አለ፤ ለሕዝብ የወጡት፣ በሙከራ ላይ ያሉት፣ ያረጁት። ለሕዝብ ከወጡት ሥር ደግሞ አንዳንዱ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል፣ አንዳንዱ በሠሪው ድርጅት ስም ይቀመጣል። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የራሱ ፎልደር አለው፤ የአማርኛው፣ የትግርኛው፣ የብሊኑና የአዊኛው ኪቦርድ ያሉት እዚያ ነው።

የአንድ ኪቦርድ ፎልደር ሲከፈት ከላይ ሦስት አጫጭር ጽሑፎች ይታያሉ፤ ኪቦርዱ ምን እንደሆነ የሚገልጽ፣ ፈቃዱን የሚናገርና ታሪኩን የሚዘግብ። የታሪኩ ፋይል እያንዳንዱን ለውጥ ከነቀኑ፣ አዲሱን ከላይ እያደረገ ይይዛል። ከዚያ የምንጭ ፎልደሩ አለ። በውስጡ የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ቀጥሎ ሲነካ የትኛው ፊደል እንደሚወጣ የሚደነግገው ፋይል፣ ለስልክ የሚሆነው ሥዕል፣ ለኮምፒዩተር የሚሆነው ሥዕል፣ የጥቅሉ መግለጫ። አጠገባቸው ሁለት የጽሑፍ ፎልደሮች አሉ። አንዱ ኪቦርዱ ስልክ ላይ ሲጫን የሚከፈተው የእንኳን ደህና መጡ ገጽ ነው፤ ሌላው በኪማን የእገዛ ድረ ገጽ ላይ የሚወጣው መመሪያ። ማለትም የድረ ገጹ ይዘት የተቀመጠው ከድረ ገጹ ጋር አይደለም፤ ከሚያብራራው ኪቦርድ ጋር ነው። ኪቦርዱን የሚያርመው ሰው መመሪያውንም እዚያው፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው የለውጥ ጥያቄ እንዲያርም ነው የታሰበው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ከሦስት ዓመት በፊት የተለወጠ አሠራር ዛሬም እንደ አዲስ ተለጥፎ ያየ ሰው የዚህ ብልሃት ዋጋ ይገባዋል።

ከማሽኑ የሚወጣው ውጤት፣ ማለትም ተጠቃሚው የሚጭነው ጥቅል፣ በማከማቻው ውስጥ አይቀመጥም። የሚቀመጠው ምንጩ ብቻ ነው፤ ጥቅሉን ማሽን በየጊዜው ከምንጩ ይሠራዋል። ቀድሞ እያንዳንዱ ኪቦርድ ስለ ራሱ የሚገልጽ ተጨማሪ የመረጃ ፋይል ይዞ ይመጣ ነበር፤ በዚያ ፋይል ያለውና በጥቅሉ መግለጫ ያለው አንዳንዴ አይጣጣምም። ከ17ኛው ቅጂ ወዲህ ያ ፋይል በእጅ መጻፉ ቀርቶ ማሽኑ ራሱ ያመነጨዋል። አንድን ነገር ሁለት ቦታ አለመጻፍ፤ ሃምቡርግ የደረሰበት ነገር ነው፤ እዚህም ደረሱበት።

በዚህ ማከማቻ የፋይልና የፎልደር ስም በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በግርጌ ሰረዝ ብቻ ነው የሚጻፈው። በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ የተሠራ ኪቦርድ የራሱን ስም በግዕዝ ፊደል መያዝ አይችልም፤ እውነተኛ ስሙ የሚገባው ከውስጥ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ንቀት ያደርገዋል። እኔ አልስማማም። ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ በሌላ ፊደል የተጻፈ የፋይል ስምን በተለያየ መንገድ ስለሚይዙት የመረጡት ሁሉም የሚስማማበትን ዝቅተኛውን ነው፤ ፈረንሳይኛውም ቢሆን በፊደሎቹ ላይ ያለውን ምልክት ጥሎ ነው የሚገባው።

የኪማን አደራደር ከሌሎቹ የሚለየው ሁለቱን ጥያቄዎች ለሁለት በመክፈሉ ነው። ፎልደሩ የሚናገረው ኃላፊው ማን እንደሆነ ነው፤ የቋንቋው ኮድ ደግሞ በጥቅሉ መግለጫ ውስጥ ተጽፏል። ድረ ገጹ ያንን ኮድ አንብቦ ሁሉንም እንደገና በቋንቋ ይደረድራቸዋል። ስለዚህ የዳንግላው መምህር በኪማን ገጽ ላይ አዊኛ ብሎ ይፈልጋል፤ የትኛው ድርጅት እንደሠራው ማወቅ የለበትም። ስህተት ያገኘ ሰው ደግሞ የት እንደሚጽፍ ያውቃል፤ ፎልደሩ የማን እንደሆነ ይታያል። ቦድሊያን ኃላፊውን ብቻ ይዞ ፈላጊውን አጥቶ ነበር። ኢንኩቤተር ፈላጊውን ይዞ ኃላፊውን አጣ። ማሳካኔም በዚያው መንገድ ነው፤ ዳታው የምርምር ጽሑፉን የጻፉት ሰዎች ሌላ ሥራ ሲይዙ ማን እንደሚንከባከበው የኮዱ ፎልደር አይነግረንም።

ይህ ሁሉ ከአዊ ወረዳዎች እውነታ ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል? በየቢሮው ጽሑፍ የሚኖረው በጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ የሚጓዘውም በፍላሽ ነው። ስሙ «የመጨረሻ»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ 2»፣ ቀጥሎ «ታርሞ የመጨረሻ» ይሆናል። ፍላሹ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሰካ ቫይረስ ፎልደሩን ሾርትከት አድርጎት ይመለሳል። ከጊትሃብ ሥር ያለው፣ ለውጥን የሚመዘግበው ጊት የተባለ ሶፍትዌር የሚያስቀረው በትክክል ይህን ነው፤ የቀደመው ቅጂ አይጠፋም፤ ማን ምን እንደለወጠ ይታወቃል፤ «የመጨረሻ» የሚባል ነገር የለም። ያም ሆኖ ጊትን ማስተማር ከባድ ነው፤ ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥቅሙ የሚታየውም ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው።

ሌላው ምክንያት ኢንተርኔት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ በደመና ላይ ብቻ የተቀመጠ ሰነድ ላለው ሰው ሥራው አብሮ ቆመ። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን ሲሠራ ያሰበው ስለ እንጅባራ አልነበረም፤ ነገር ግን መላው ማከማቻ ከነታሪኩ በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒዩተር ላይ እንዲቀመጥ አድርጎ ሠራው። ማከማቻውን አስቀድሞ ያወረደ ሰው መስመር በሌለበት ወር ሙሉ ሊሠራ፣ እያንዳንዱን እርምጃ ሊመዘግብ፣ መስመር ሲመለስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊልክ ይችላል። የኢንተርኔት አገልግሎት በሚቆራረጥበት ክልል ይህን የመሰለ ጥቅም በቴሌግራም ወይም በጎግል ሰነድ አይገኝም። በክልላችን ስለ ዲጂታል ሥልጠና ሲወራ ለምን ብዙም እንደማይነሣ አይገባኝም።

አሁን በአዊኛ በኩል የሚቀጥለው ቀላሉ ሥራ የቃላት ዝርዝር ይመስለኛል። ኪማን ከኪቦርዶቹ ጎን ሌላ ማከማቻ አለው፤ ስልክ ላይ ስንጽፍ ቀጣዩን ቃል የሚጠቁሙት ዝርዝሮች የሚቀመጡበት። አደራደሩ ግልጽ ነው፤ የእያንዳንዱ ዝርዝር ስም ሦስት ክፍል አለው፤ የሠሪው፣ የቋንቋው ኮድና መለያ ስም፣ በነጥብ ተለያይተው። ኃላፊውና ቋንቋው በአንድ ስም ተጣመሩ። ውስጡ ያለው ዋና ፋይል ተራ ሠንጠረዥ ነው፤ በመጀመሪያው ዓምድ ቃሉ፣ በሁለተኛው ስንት ጊዜ እንደሚገኝ፣ በሦስተኛው ማስታወሻ። ኤክሴል የሚያውቅ መምህር ይሠራዋል፤ ፕሮግራም መጻፍ አይጠይቅም።

ቃላቱ የሚለቀሙበት ምንጭም አለ፤ በዞኑ ተማሪዎች እጅ ያሉት የአዊኛ የመማሪያ መጻሕፍት። የመጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ቅጂ ከተገኘ ቃላቱን መቁጠር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እንቅፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ማከማቻው የሚቀበለው ኤም አይ ቲ በተባለው ነጻ ፈቃድ የተለቀቀ ሥራ ብቻ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት የሚጠበቅለት ሥራ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ከመጫኑ በፊት ከመጻሕፍቱ ባለመብት፣ ምናልባትም ከክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ ቃላቱን ለቅሞ መጠቀምን የሚፈቅድ አንድ ገጽ ደብዳቤ ማግኘት ይመረጣል። ደብዳቤውን ለማጻፍ ማመልከቻውን የሚያስገባው ሰው የሦስቱን ዓምድ ናሙና አሥር መስመር ያህል አያይዞ ቢሄድ ጉዳዩን ለማስረዳት ይቀለዋል።